ባለፈው ሳምንት የቻሉትን ሰርቪስ ዛሬ ለምን አቃታቸው?

ጥያቄ፦ «የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነኝ። ዘጠነኛ ክፍልን መረብ ኳስ አስተምራለሁ። በአንድ ክፍል ወደ 60 ተማሪ አለ፤ ያለን ኳስ 5 ነው። ሰርቪስ፣ ማለትም ኳሷን ከመረብ አሳልፎ መትቶ ጨዋታ ማስጀመርን፣ ሳስተምር በአምስት ሰልፍ ይቆሙና እያንዳንዱ አምስት አምስት ምት መትቶ ለቀጣዩ ይለቃል። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል አብዛኛው ጥሩ ይመታል። በሳምንቱ ስንገናኝ ግን ከዜሮ እንጀምራለን። ግጥሚያ ሳጫውታቸውማ ጭራሽ ይጠፋባቸዋል። ጡንቻቸው እንዲይዘው ድግግሞሹን ልጨምር? ወይስ ተሰጥኦው የላቸውም? 10 ሺህ ሰዓት ያልተለማመደ የትም አይደርስም የሚለኝ ባልደረባም አለ።»

ምላሽ፦

ተማሪዎችዎ አልረሱትም። ገና አልተማሩትም ነበር።

ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ያዩት ጥሩ ምት የዚያች ደቂቃ ብቃት ነው። አንድ ልጅ ከአንድ ቦታ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ አንድ ዓይነት ምት አምስት ጊዜ በተከታታይ ሲመታ የመጀመሪያው ለሁለተኛው መነሻ ይሆነዋል። ኳሷ አጠረች? ጉልበት ይጨምራል። ረዘመች? ይቀንሳል። አራተኛው ላይ ልኩን ያገኘዋል። ያ ልክ ግን ለጊዜው የተያዘ ነው፤ ልጁ ሜዳውን ለቆ ሲሄድ ይጠፋል። ተማረ የሚባለው ከቀናት በኋላ መጥቶ፣ ምንም መሞከሪያ ሳይሰጠው፣ የመጀመሪያዋን ምት ማስገባት ሲችል ነው። የእርስዎ ጥያቄ መልሱ ያለው እዚህ ልዩነት ላይ ነው። እስካሁን ሲለኩ የነበረው የክፍለ ጊዜውን መጨረሻ ነው። መለካት ያለበት የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ ነው።

ይህ ግምት አይደለም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1979 ሼይ እና ሞርጋን የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን ቀላል የእጅ ሥራ አለማመዱ። ሥራው የቴኒስ ኳስ አንስቶ ትንንሽ እንጨቶችን በተወሰነ ቅደም ተከተል መጣል ነው። ሦስት ዓይነት ቅደም ተከተል ነበር። አንዱ ቡድን አንዱን ዓይነት ጨርሶ ወደ ሌላው ሄደ። ሌላው ቡድን ሦስቱን እያቀላቀለ ሠራ። በልምምዱ ጊዜ ፈጣኑ አንድ አንዱን ጨርሶ የሄደው ቡድን ነበር። ከ10 ቀን በኋላ ሲፈተኑ ግን እያቀላቀለ የተለማመደው በለጠው።

በስፖርት ሜዳም ታይቷል። በ1994 በአሜሪካ የኮሌጅ ቤዝቦል ተጫዋቾች ላይ ጥናት ተሠራ። ቤዝቦል የተወረወረ ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ ነው። ተጫዋቾቹ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለ6 ሳምንት፣ በየጊዜው 45 ተጨማሪ ኳስ መቱ። አንዱ ቡድን ሦስቱን የውርወራ ዓይነት በየተራ 15፣ 15 እያደረገ መታ። ሌላው ቀጣዩ ኳስ ምን ዓይነት እንደሆነ ሳያውቅ መታ። በመጨረሻው ፈተና በተራ የመታው ቡድን 25 በመቶ፣ እያቀላቀለ የመታው 57 በመቶ ተሻሻለ። የኳሱ ብዛት እኩል ነው። የተለየው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አንድን ምት ደጋግሞ የሚመታ ልጅ እቅዱን አንዴ ያወጣና እሱኑ ይጠቀማል። በመሃል ሌላ ሥራ ከገባ ግን ሲመለስ እቅዱን እንደገና ማውጣት አለበት። ይህ ያደክማል፤ ያሳስታልም። ክህሎቱን የሚያጸናው ግን ይኸው ድካም ነው። ደግሞ ግጥሚያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በመረብ ኳስ ሰርቪስ የሚደርስዎ ዙሩ ሲመጣ ነው። እስከዚያ ሲቀበሉ፣ ሲዘሉ፣ ሲሮጡ ቆይተዋል። ዳኛው ካፏጨ በኋላ ያለዎት 8 ሰከንድ ነው። የመጀመሪያዋ ምት ካልገባች ነጥቡም ሰርቪሱም ወደ ተጋጣሚ ይሄዳል። ልኩን የሚያገኙበት ሁለተኛና ሦስተኛ ምት የለም። ተማሪዎችዎ አምስተኛዋን ምት ሲለማመዱ ከርመው በግጥሚያ የሚፈተኑት በመጀመሪያዋ ነው።

ስለ ጡንቻ የጠየቁትን እንመልከት። ጡንቻ ይጠነክራል፣ ይደክማል እንጂ ምት አይይዝም። ምቱን የሚያቅደውና የሚያስቀምጠው አንጎል ነው፤ በተለይ እንቅስቃሴን የሚያዘው የአንጎል ክፍልና ከኋላ በኩል ያለው ትንሹ አንጎል። ይህ ዕውቀት ደግሞ በቃል ከምንይዘው ዕውቀት በሌላ መንገድ ይቀመጣል። ለዚህ የታወቀው ማስረጃ ሄንሪ ሞላይሰን የተባለ አሜሪካዊ ነው። በ1953 ለሚጥል በሽታው የአንጎል ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ገጠመኝ ማስታወስ አቃተው። ብሬንዳ ሚልነር የተባሉ ተመራማሪ እጁን በመስታወት ብቻ እያየ የኮከብ ሥዕል ዙሪያውን በእርሳስ እንዲከተል አደረጉት። ከቀን ወደ ቀን ስህተቱ ቀነሰ። እሱ ግን በየቀኑ ሥራውን አይቼው አላውቅም ይል ነበር። እጁ ተምሯል፤ እሱ አያስታውስም።

በእኛ ትምህርት ቤቶች ያለው ችግር የዚህ ግልባጭ ነው። የሰርቪስን ደረጃዎች በወረቀት ፈተና ላይ አንድ በአንድ ጽፎ ሙሉ ነጥብ የሚያገኝ ልጅ ሜዳ ላይ ኳሷን መረብ ማሳለፍ ያቅተዋል። ይህ ስንፍና አይደለም። በቃል የያዘው ነገር ወደ ክንዱ በራሱ አይወርድም። ስለዚህ ረጅም ማብራሪያ ይቀንሱ። ሁለት ጊዜ አሳይተው ኳሱን ይስጧቸው።

የባልደረባዎ 10 ሺህ ሰዓት ደግሞ ከቦታው የተነቀለ ቁጥር ነው። መነሻው አንደርስ ኤሪክሰን እና ባልደረቦቹ በ1993 ያሳተሙት የበርሊን ቫዮሊን ተማሪዎች ጥናት ነው። ምርጥ የተባሉት እስከ 20 ዓመታቸው ድረስ ለብቻቸው የተለማመዱት ሰዓት በአማካይ ወደዚያ ይጠጋ ነበር። አማካይ ነው፤ ከዚያ በታችም ከዚያ በላይም የነበሩ አሉ። ጥናቱ ማለፊያ መስመር ነው አላለም፤ ኤሪክሰን ራሱ ይህን አተረጓጎም ተቃውሟል። ያ ጥናት በዓለም መድረክ ሊጫወቱ ስለሚዘጋጁ ሰዎች ነው። ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ኳስ መረብ አሳልፎ ከጓደኞቹ ጋር እንዲጫወት ግን የአንድ መንፈቅ ዓመት ትምህርት ይበቃል፤ ሰዓቱ በአግባቡ ከተሠራበት።

ተሰጥኦ የለም አልልም። በቁመት፣ በፍጥነት፣ በቅንጅት ሰው ይለያያል። ግን በክፍል ውስጥ ተሰጥኦ የሚመስለው ብዙው ነገር የቀደመ ልምድ ነው። ድንጋይ ሲወረውር፣ ኳስ ሲቀልብ ያደገ ልጅ ሰርቪስ ላይ ግማሽ መንገድ ሄዶ ነው የሚመጣው። ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ሥራ ስትሮጥ ያደገች ልጅ ያን ዕድል አላገኘችም። በመጀመሪያው ሳምንት አይቶ «ይቺ አትችልም» ማለት ያላገኘችውን ዕድል ድጋሚ መንፈግ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። በዓለም ላይ ከትምህርት ቤት ልጆች 5 እስከ 6 በመቶ የሚሆኑት የእንቅስቃሴ ቅንጅት የዕድገት ችግር አለባቸው ተብሎ ይገመታል። በ60 ተማሪ ሲሰላ ወደ ሦስት ልጅ ነው። ኳስ ብቻ ሳይሆን የጫማ ማሰሪያና የእጅ ጽሕፈትም የሚያስቸግረው ልጅ ካለ ሰነፍ ብለው አይፈርጁት። ቀለል ያለ ዒላማ፣ ረዘም ያለ ጊዜ ይስጡት፤ ከተቻለ ወላጅ የሕክምና ባለሙያ እንዲያማክር ይንገሩ።

አሁን ወደ ሜዳው። ድግግሞሹን አይጨምሩ፤ አሰላለፉን ይቀይሩ።

በአንድ ኳስ 12 ተማሪ ይደርሳል። አሁን ባለው አሠራር አንዱ ይመታል፣ 11ዱ ቆመው ይጠብቃሉ። በምትኩ ሦስት ቦታ ይስጡ፦ መቺ፣ ተቀባይ፣ ያዥ። መቺው ሰርቪስ ይመታል። ተቀባዩ በክንዱ ተቀብሎ መረቡ አጠገብ ወደቆመው ያዥ ይልካል። ከእያንዳንዷ ምት በኋላ ቦታ ይቀየራል። መቺው ሮጦ ተቀባይ ይሆናል፣ ተቀባዩ ያዥ ይሆናል፣ ያዡ ኳሷን ለቀጣዩ መቺ ሰጥቶ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ይቆማል። ሂሳቡን ይዩት። አንድ ዙር 15 ሰከንድ ቢፈጅ በ25 ደቂቃ 100 ምት ይመታል። ለአንድ ተማሪ 8 ምት ይደርሰዋል፤ ይህ በድሮው ሰልፍም ያው ነው። አሁን ግን 8 ጊዜ ይቀበላል፣ 8 ጊዜ ይይዛል። ኳስ የሚነካበት ጊዜ ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ከዚያም በላይ እያንዳንዷ ሰርቪስ በመሃል ሌላ ሥራ ከተሠራ በኋላ የምትመታ «የመጀመሪያ» ምት ሆነች። ሌላ ኳስ መግዛት አላስፈለገም።

ሰልፍ ላይ ያሉት ዝም ብለው አይቁሙ። ሁለት ሁለት አድርጓቸው። ኳሷ ከመቺው እጅ ስትወጣ የት እንደምታርፍ ቀድመው ይናገሩ። ማየት ብቻውን አያስተምርም፤ ከመሥራት ጋር ሲፈራረቅ ግን ያስተምራል። የሚሳሳት ጓደኛን ማየትም ጥሩ መቺን የማየት ያህል ይጠቅማል፤ ምን ሲደረግ ምን እንደሚመጣ ያሳያልና። አምስት መረብ ስለሌለዎት አይጨነቁ። በሁለት ምሰሶ ወይም በዛፍ መሃል የታሰረ ገመድ ይበቃል።

ርቀቱንም ይለዋውጡ። ከመረቡ እስከ ሰርቪስ መስመር 9 ሜትር ነው፤ ለጀማሪ ይርቃል። 5 ወይም 6 ሜትር ላይ ያስጀምሯቸው። ከዚያ አንዴ ቀረብ፣ አንዴ ራቅ፣ አንዴ ከቀኝ ጥግ፣ አንዴ ከግራ። ከፊት ያለውን ሜዳ በኖራ ሦስት ቦታ ከፍለው መቺው ዒላማውን ራሱ እንዲጠራ ያድርጉ። በ1978 ኬር እና ቡዝ የተባሉ ተመራማሪዎች የ8 ዓመት ልጆችን ትንሽ ከረጢት ዒላማ ላይ አስወረወሩ። አንዱ ቡድን 90 ሳንቲ ሜትር ላይ ብቻ ተለማመደ። ሌላው በ60 እና በ120 ሳንቲ ሜትር ተለማመደ፤ 90 ላይ አንዴም አልወረወረም። ፈተናው 90 ላይ ነበር። ያሸነፈው 90ን ነክቶት የማያውቀው ቡድን ነው። ልጆቹ የያዙት አንድ ርቀት ሳይሆን ጉልበትና ርቀት እንዴት እንደሚገናኙ ነው። ቅልልቦሽ የሚጫወቱ ልጆችን ያስቡ። አንዱን ጠጠር ወርውረው አንድ ያነሳሉ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት። እያንዳንዷ ውርወራ ከቀደመችው ትለያለች። አሰልጣኝ የላቸውም፤ እጃቸው ግን አይስትም።

አሁን ስለ አፍዎ። መምህር ሜዳ ላይ በጣም ያወራል። «ክርንህን፣ ጉልበትሽን፣ ትከሻህን» ሲባል ልጁ ትኩረቱ ሁሉ ወደ ሰውነቱ ይገባና እንቅስቃሴው ይደርቃል። በ1998 ጋብሪዬለ ቩልፍ እና ባልደረቦቿ በበረዶ ሸርተቴ መለማመጃ ማሽን ላይ ይህን ፈተኑ። እግራቸውን እንዲያስቡ የተነገራቸው የማሽኑን ጎማ እንዲያስቡ ከተነገራቸው ባነሰ ሁኔታ ተማሩ። ልዩነቱ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከእግር ወደ እግር ሥር። ስለዚህ «ክንድህን ዘርጋ» በማለት ፋንታ «ኳሷ ከገመዱ አንድ ክንድ ከፍ ብላ ትለፍ» ይበሉ። ሲቀበሉም «ኳሷን ወደ ያዡ ደረት ላካት» ይበቃል። የሚያሳምም ወይም የሚጎዳ አመታት ካዩ ብቻ የአካሉን ስም ጠርተው ያርሙ። ትከሻዬን አመመኝ ያለች ልጅ ከላይ የሚመታውን ሰርቪስ ታቁም፤ ከታች ትምታ።

እርማቱንም ይቀንሱት። በ1990 ዊንስታይን እና ሽሚት ያሳተሙት ጥናት ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ ውጤታቸው የተነገራቸውን በግማሹ ብቻ ከተነገራቸው ጋር አነጻጸረ። በማግስቱ ያለ ምንም እርዳታ ሲፈተኑ የተሻሉት በግማሹ የተነገራቸው ናቸው። ሁልጊዜ የሚነገረው ሰው የራሱን ስሜት ማድመጥ ይተዋል፤ መምህሩን ይጠብቃል። በ60 ተማሪ መሃል ሁሉንም ማረም አለመቻልዎ እንግዲህ ያሰቡትን ያህል ጉዳት አይደለም። ኳሷ ከገመዱ በታች ስትሄድ ወይም ከሜዳ ስትወጣ ልጁ ራሱ አይቶታል። መጀመሪያ እሱን ይጠይቁት፦ «ምን ሆነች?» መልስ ካጣ ያኔ አንድ ነገር ይንገሩት። አንድ ብቻ።

ምቱን መበጣጠስም አይመከርም። ኳስ ወደ ላይ መወርወርን ለብቻ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ የሚያለማምዱ አሉ። ሰርቪስ ውስጥ ውርወራውና ምቱ በአንድ ቅኝት የተሳሰሩ ናቸው። ሲለያዩ ቅኝቱ ይጠፋል። ከከበዳቸው ከመበጣጠስ ይልቅ ማቅለል ይሻላል፦ መስመሩን ማቅረብ፣ ገመዱን ዝቅ ማድረግ፣ ቀላል ኳስ መስጠት።

ቀጥሎ የቀን መቁጠሪያው። ብዙ መምህራን ሁለት ሳምንት ሰርቪስ፣ ሁለት ሳምንት መቀበል፣ ሁለት ሳምንት በጣት ማቀበል አድርገው ያልፋሉ። ያለፈው አይመለስም። እንግሊዝ አገር የፖስታ ሠራተኞች የጽሕፈት መሣሪያ ሲለማመዱ የተደረገ፣ በ1978 የታተመ ጥናት አለ። በቀን 1 ሰዓት ብቻ የተለማመዱት በቀን 4 ሰዓት ከተለማመዱት ባነሰ ጠቅላላ ሰዓት ለመዱት። የሚገርመው ብዙም ያልረኩት እነሱ መሆናቸው ነው፤ ቀኑ ረዘመባቸው። ተማሪዎችዎም ሊያጉረመርሙ ይችላሉ። ቢሆንም ሰርቪስን በሁለት ሳምንት ጨርሰው አይዝጉት። በየክፍለ ጊዜው አስር አስራ አምስት ደቂቃ እየሰጡት መንፈቅ ዓመቱን ሙሉ ይዘልቅ።

ገደቡንም ልንገርዎ። የማቀላቀል ጥቅም በቤተ ሙከራ ውስጥ ጎልቶ የታየውን ያህል በትምህርት ቤት ሜዳ ሁልጊዜ አይጎላም። በትንንሽ ልጆችና ፈጽሞ ኳስ ነክተው በማያውቁ ላይ ይደበዝዛል። ከነጭራሹ ኳሷን መምታት የማይችል ልጅ በመጀመሪያ አንድ ዓይነት ምት በተከታታይ መትቶ ቅርጹን ማግኘት አለበት። ለዚያ ግን አንድ ወይም ሁለት ክፍለ ጊዜ ይበቃል። እኔ የምጠቀምበት ልክ ቀላል ነው። ልጁ ከሁለት ምት አንዷን ማሳለፍ ከቻለ ይቀላቀል። ከተቀላቀለ በኋላ ከዚያ በእጅጉ ከወረደ ርቀቱን ያሳጥሩለት እንጂ ወደ ሰልፍ አይመልሱት። ሁሉን ነገር ከሁሉ ጋር ግን አያቀላቅሉ። ሰርቪስ ከመቀበል ጋር በጨዋታው ውስጥ አብረው ስለሚኖሩ ይቀላቀላሉ። የቅርጫት ኳስ ማንጠር እዚህ መሃል ቦታ የለውም። ሌላው ገደብ ሰዓቱ ራሱ ነው። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ክፍለ ጊዜ የትምህርት ቤት ቡድን ተጫዋች አያወጣም። ለዚያ የክበብ ልምምድ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ቁርጥ ያለው ምክሬ ይኸውና። የአምስት አምስት ምቱን ሰልፍ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ያቁሙ። በሦስት ቦታ በሚዞረው አሠራር ይተኩት፤ ቢያንስ ለስምንት ሳምንት። ደብተር ይያዙ። በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ፣ ማንም ኳስ ሳይነካ፣ አስር ተማሪ ይጥሩና ሦስት ሦስት ሰርቪስ ያስመቷቸው። ሦስት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ስንት እንደገባ ይመዝግቡ። በስድስት ክፍለ ጊዜ ሁሉም ይዳረሳል፤ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምሩ። የተግባር ፈተና ነጥብም የሚሰጡት ከዚህ ደብተር እንጂ ከክፍለ ጊዜው መጨረሻ ምት አይሁን።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሜዳው ከድሮው የተዘበራረቀ ይመስላል። ኳስ በየአቅጣጫው ይሄዳል፣ የሚሳሳተው ይበዛል። ርዕሰ መምህሩ ወይም ሱፐርቫይዘሩ በዚያ ሰዓት ቢመጣ «ድሮ ይሻል ነበር» ሊል ይችላል። ያኔ ደብተሩን ያሳዩት፤ የመጀመሪያውን ዙር ቁጥር ከሁለተኛው ዙር ጎን ለጎን አድርገው።